እህቴን ላሳፍር ወደ ግድቡ ካምፕ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አምቦ

በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት የምትባለው ከተማችን ገና አልነቃችም። ከፍል ውሃው በኩል ቀጭን እንፋሎት ይነሳል። ነዳጅ ማደያው አጠገብ ሲሚንቶ የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሞተሩን እያሞቀ ቆሟል። ሾፌሩ ነጋሳ ይባላል፤ የጌዶ ልጅ ነው። ሰሜን በኩል ወንዙ ላይ ለሚሠራው የመብራት ኃይል ግድብ ሲሚንቶ ያመላልሳል። ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ የያዘ ቅርጫት አንጠልጥዬ ስመጣ አየኝና ከመኪናው ወረደ።

«አካም ቡልታን፣ እትዬ! እውነትም ሊሄዱ ነው?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ቀልድ መሰለህ?»

«ለለቅሶ ሲሄዱ ፊትዎ እንዲህ የበራ ሰው አላየሁም።»

ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ቅርጫቴን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። ጎረቤቴ መስኮቷን ከፍታ እያየችኝ ነበር። ወዴት እንደምሄድ እንድትጠይቀኝ ስለፈለግሁ አልነገርኳትም።

ለአንባቢ ግን መናገር አለብኝ። የምሄደው ታናሽ እህቴ ጽጌ ጋ ነው። ባሏ ለማ በግድቡ ካምፕ የመብራት ሠራተኛ ነበር፤ ታሞ ሞተ። ነጋሳ ወሬውን ያመጣልኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ከእህቴ ጋር አልተነጋገርንም። ምክንያቱን አምቦ ሁሉ ያውቀዋል። የእኔ ባል ሲሞት አልመጣችም።

ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር። ከጎጆ ከተማ በዚያ ብርድና ጭቃ በበቅሎ የመጣ አለ። ከሸነን በእግሩ የመጣ አለ። በሕይወቱ ከባሌ ጋር ሁለት ቃል ያልተነጋገረ የጭልሞ ደን ጠባቂ እንኳ መጥቶ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። የእናቴ ልጅ አልመጣችም። ሰውም አልላከችም። በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ «ጽጌስ?» ብለው መጠየቅ አቆሙ፤ ዝም ማለታቸው ከጥያቄው ይልቅ ከበደኝ።

ስለዚህ የለማን ሞት ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሐዘኔ በፊት ሌላ ነገር ተሰማኝ። ተራዬ ደረሰ አልኩ። ነጋሳ ሁለተኛ ወሬም ነግሮኝ ነበር። የካምፑ ቤት የሠራተኛ ቤት ነው፤ ሠራተኛው ከሌለ ቤተሰቡ ይለቃል። ጽጌ ክረምቱ ሳይገባ መልቀቅ አለባት።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«እኔ ምን አውቄ? እህቷ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ነኝ። የምኖረውም በአባታችን ቤት ነው። አባታችን ለሁለታችን ትቶልን ሞተ፤ እሷ አግብታ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። ጣራውን ያስቀየርኩት፣ አጥሩን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ጓዳው ባዶ ነው። ጽጌ ትገባበት ዘንድ እሰጣት ነበር፤ እንዳልሰጣት አስቤ አላውቅም። ግን እንድትለምነኝ ፈለግሁ። አርባው ላይ፣ ተዝካሩ በተበላበት፣ የካምፑ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «አንቺ ባትመጪልኝም እኔ መጣሁልሽ» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ትለኛለች፤ ከዚያ ስለ ጓዳው ትጠይቀኛለች። ያሰብኩት ይህን ነው። አርባው ነገ እሑድ ይውላል።

ረፋድ፣ ጉደር

ከአምቦ ጉደር ቅርብ ነው። የወይኑ እርሻ ቅጠል አውጥቷል። ፏፏቴው በበጋ መጨረሻ ከድንጋዩ ላይ እንደ ክር ይወርዳል። ነጋሳ ቁርስ ካልበላ አይነዳም፤ ስለዚህ የወይዘሮ ትርንጎ ምግብ ቤት ገባን። እኔ እዚያ ቤት መግባት አልወድም። ባሌ የሞተ ጊዜ ትርንጎ ከኋላዬ ተቀምጣ «እህቷም ቀረችባት» እያለች ለሰው ሁሉ ታንሾካሹክ ነበር። ሰምቻታለሁ። መስማቴንም ታውቃለች።

ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዱለት ከእንጀራ ጋር በአምሳ። ዱለቱ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድም።

«አሰለፍ! ጥቁር ለብሰሽ? ማን ሞተ?» አለችኝ።

«የጽጌ ባል። ለቅሶ ልደርስ ነው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንቺ? እሷ ላንቺ ሳትመጣ? ኧረ አንቺስ ሰው ነሽ! እንጨት አይደለሽም፣ ሰው ነሽ!» ብላ ለተመጋቢው ሁሉ ታሰማ ጀመር። የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለች። ለራሴ ያሰብኩትን ከንፈሯ ላይ ስሰማው ደስ አለኝ። አራት ዓመት የጠላኋት ሴት ስታመሰግነኝ ልቤ ሞቀ። ያን ጊዜ ነገሩ ሊያሳፍረኝ ይገባ ነበር፤ አላሳፈረኝም።

ከጉደር በኋላ ሽቅብ ነው። መኪናው ያቃስታል። በግራ በቀኝ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ ብርዱ ሲጀምር ገብስ፣ የባቄላ ክምር፣ በመንገድ ዳር ከሰል የሚሸጡ ሴቶች። ነጋሳ መሪውን በክንዱ አቅፎ ያፏጫል።

«እትዬ፣ ለቅሶውን ለምን እዚህ አይለማመዱትም? ከኔና ከሲሚንቶው በቀር የሚሰማ የለም።»

«አፍህን ያዝ።»

«እውነቴን ነው። ካምፑ ውስጥ ሰዉ ከየአገሩ ነው፤ አልቃሽ ያማርጣል።»

በእልህ ተለማመድሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ «ወንድሜ ለማ! ወንድሜን! ያልመጣችልኝ ደጅ መጣሁ! የቀረችብኝን ላስተዛዝን መጣሁ!» አልኩ። ነጋሳ ማፏጨቱን አቆመ። ጥቂት እንደነዳ፦

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ለቅሶ ነው ወይስ ክስ?» አለኝ።

እስከ ጌዶ ድረስ አላናገርኩትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ጌዶ

ጌዶ ነፋሻ ናት። ቤቶቹ ከመንገዱ ወደኋላ የሸሹ ይመስላሉ። ወደ ካምፑ የሚወስደው መንገድ ከዚህ ወደ ሰሜን ይገነጠላል፤ ነጋሳ ቤተሰቡ ጋ ሊያድር ስለሆነ እኔም የባሌ አጎት ልጅ አቶ ደጀኔ ቤት አደርኩ። ደጀኔ የአውራጃ ጸሐፊ ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል። በባሌ ተዝካር ቀን ያላለቀ ሥጋ አስጠቅልሎ የሄደ ሰው ነው፤ ያንንም አልረሳሁም። እራት ግን በደንብ አበላኝ።

«የለማ ቀብር ላይ ነበርኩ» አለኝ፤ «ጥሩ ሰው ነበር። ካምፑ ሁሉ አለቀሰ።»

«ጽጌ እንዴት ናት?»

«ምን ትሆናለች? ቤቱን ልቀቂ ተብላለች። ከካምፑ በር ውጭ አንዲት ሻይ ሻጭ ጋ ልትጠጋ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ክፍል። እስቲ አንቺ አምጫት።»

«ትጠይቀኝ እንጂ።»

ደጀኔ ጉርሻውን እጁ ላይ ይዞ አየኝ። «ባሏ የሞተባት እሷ ናት፤ ጠያቂዋም እሷ ትሁን?» አለና ጎረሰ። ሥጋ አስጠቅልሎ የሄደ ሰው ሊያስተምረኝ መነሳቱ አናደደኝ። ደክሞኛል ብዬ ተነሳሁ።

እሑድ፣ ከጌዶ ወደ ሰሜን

መንገዱ አዲስ ነው፤ ለግድቡ ሲባል ተራራውን ቆርጠው ያወጡት። ቀይ አፈር እንደ ዱቄት ይነሳና መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ከሸዋ ወጥተን ወለጋ እንደገባን ነጋሳ በጣቱ አሳየኝ እንጂ ለእኔ ያው ኮረብታ ነው። ትልልቅ ብጫ ማሽኖች መንገድ ዳር ተገትረዋል። ከብት የሚነዳ ገበሬ አቧራችን እስኪያልፍ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ይቆማል።

ካምፑ ከሩቅ ያንጸባርቃል። ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ሆኜ ሳየው ደነገጥሁ። ከተማ ነው ብለውኝ ነበር፤ ከተማ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር አይደለም ወይ? አምቦ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት በዋርካው፣ በአጥሩ፣ በተጣመመ በሩ ይታወቃል። ይህ ግን አንድ ቀን ጠዋት የመጣና ሁሉንም ቤት በአንድ መቀስ የቆረጠ ሰው ያለው ይመስላል። ረድፍ በረድፍ ቆርቆሮ ጣራ፣ ረድፍ በረድፍ ሰማያዊ በር፣ በእያንዳንዱ በር ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር። አንድም ትልቅ ዛፍ የለም። በጠራራ ፀሐይ የመንገዱ አምፖሎች በርተዋል፤ አምቦ ውስጥ ገና ኩራዝ የሚያበራ ስንት ቤት አለ። አንድ ጥግ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሱ ራቅ ብሎ አንዲት ትንሽ መስጊድ፣ በመካከል ሠራተኛ የሚበላበት ረጅም አዳራሽ።

ነጋሳ ከበሩ ላይ አወረደኝ። «ነገ ጠዋት ባዶዬን እመለሳለሁ፤ እዚሁ ይጠብቁኝ» አለና ሲሚንቶውን ሊያራግፍ ሄደ።

ዘበኛው ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። «ማን ጋ ነው፣ እናቴ?»

«ወይዘሮ ጽጌ ጋ።»

«ቤቷን ላሳይዎት?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እሺ ብል ምን ነበረበት? ግን እሺ ማለት እስከዛሬ የእህቴን ቤት ረግጬ እንደማላውቅ ለዘበኛ መናገር ሆኖ ታየኝ። «አውቀዋለሁ» አልኩትና አለፍሁ። ዛሬ ተዝካር ነው፤ ተዝካር ድንኳን አለው፤ ድንኳኑን ሳይ ቤቱን አገኛለሁ ብዬ አስቤአለሁ።

እውነትም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ሸራ ድንኳን ቆሟል። ሰው ግጥም ብሏል። ጠላ ይቀዳል፣ ካህን ከላይ ተቀምጧል፣ ሴቶች ትሪ ተሸክመው ይገባሉ ይወጣሉ። ሌላ ድንኳን የለም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ፊቴን ሸፍኜ፣ ከመንገዱ መሐል ጀመርሁ።

«ወንድሜ! ወንድሜ! ወየው ወንድሜ! ያልመጣችልኝ ደጅ መጣሁልህ! የቀረችብኝን አልቀርባትም ብዬ መጣሁ!»

ደረቴን እየመታሁ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። በለቅሶ ቤት እያለቀሰ የሚገባ ሰው ካለ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ አብረው ያለቅሳሉ፤ አንዷ ተነስታ ትይዝሻለች። እኔን ማንም አልያዘኝም። ጩኸቴ ብቻውን ቀረ። አንድ ብርጭቆ ወደቀ። ከዚያ አንዲት አሮጊት እንደተወጋች ጮኸች፦ «ውይ! ሟርት! ልጄ ላይ! ይህቺ ሟርተኛ ከየት መጣች?»

ነጠላዬን ከፊቴ አነሳሁ። ከፊት ለፊቴ አንዲት ጠይም አራስ ነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯ ቅቤ ተቀብቶ ተቀምጣለች። በሁለት እጇ አንድ ሕፃን ደረቷ ላይ ሸሽጋለች። አንገቱ ላይ የክርስትና ማተብ አለ። ገና ዛሬ ጠዋት የታሰረ፣ ነጭና ቀይ ክር።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነው።

የሕፃኑ ሴት አያት እየጮኸች ነው። ወንዶቹ ተነስተዋል። አንዱ «ከበር ላይ ማን አስገባት?» ይላል። ሌላው «እብድ ናት መሰለኝ» ይላል። ያን ጊዜ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ወጥ ከሚሠራበት በኩል፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ጭልፋ ይዛ ገባች። ከስታለች። ጽጌ ናት።

አየችኝ። ጭልፋውን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ ናት» አለች ለሰዉ። «የለማን ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ነው። ቤት ተሳስታ ነው።»

እዚያው፣ አያትየዋ እያለቀሰች፣ ከአጠገቤ ያለች ሴት በጆሮዬ ነገሩን አስረዳችኝ። ይህ ልጅ የተወለደው ለማ በሞተ ዕለት ነው። አርባ ቀኑ ዛሬ ለሁለቱም ሞላ። ጽጌ የጎረቤቶቿን ደስታ እንዳታደበዝዝ ብላ ተዝካሩን አላወጣችም፤ ፍትሐቱን ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን አስደርጋ፣ ትንሽ ዳቦ ለካህናቱ ሰጥታ፣ ከዚያ መጥታ ወጥ ስትሠራ ዋለች። የለማን ስም የማያነሳ ድግስ እንዲሆን የጠየቀችው ራሷ ናት።

ከመሐል አንድ ሽማግሌ ተነሱ። የሕፃኑ አያት ናቸው፤ ኦቦ ገመቹ ይሏቸዋል፤ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጥለዋል። አያትየዋን በእጃቸው ጸጥ አሰኟት።

«ወይዘሮ፣ ልጃችን ላይ አለቀሱ» አሉኝ ረጋ ብለው።

«ተሳስቼ ነው፣ ኦቦ። በማርያም፣ ተሳስቼ ነው።»

«እኛ አወቅን። ልጁ ግን አያውቅም። በጆሮው የገባው ለቅሶ ነው።» ሰዉን ዞር ብለው አዩ። «እንግዲህ ያለቀሱት እርስዎ፣ ኤባ ይስጡት። ይመርቁት። ሰዉም አሜን ይላል። ከዚያ ቁጭ ብለው ይበላሉ። ሳይመርቁ ከዚህ ድንኳን አይወጡም።»

አራሷ እያመነታች ልጁን ከደረቷ ላይ ገለጥ አደረገችልኝ። ተኝቷል። ጩኸቴ እንኳ አልቀሰቀሰውም። እኔ በመመረቅ የምታወቅ ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ይህን ያውቃሉ። ግን ምርቃት ከእናት የሚወረስ ነው፤ አፍ ከጀመረው ራሱ ይሄዳል። እጄን ዘርግቼ ጀመርሁ።

«እደግ። ተመንደግ።»

«አሜን!»

«ጤና ይስጥህ። እናትህን ጧሪ ያድርግህ። ክፉ ዓይን አይይህ።»

«አሜን!»

«እንጀራህ አይጉደል። ወንድም እህት አይንሳህ።»

«አሜን!»

«የአባትህ ቤት በር አይዘጋብህ...»

እዚህ ላይ ድምፄ ቆመ። ጽጌ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ጭልፋዋን ይዛ ቆማ ነበር። አላየችኝም፤ ሕፃኑን ነው የምታየው። ሰዉ አሜን ሊል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ምርቃቱ ያለቀ አልመሰለውም። ይህን ያህል ሰው በተሰበሰበበት የራሴ ቃል እንዲህ ሲያዋርደኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«አሜን በሉ እንጂ!» አለች ጽጌ ጮክ ብላ።

«አሜን!» አለ ድንኳኑ።

ኦቦ ገመቹ ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዶሮ አጎረሱኝ። እህቴ የሠራችው ዶሮ ነው፤ እናታችን ትሠራው እንደነበረው ኮረሪማው ይበዛል።

እሑድ ማምሻ

የጽጌ ቤት ከድንኳኑ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ሰማያዊ በር። ውስጡ ሁለት ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ ግድግዳው ላይ የለማ የሥራ ባርኔጣ። ዕቃው ሁሉ ታስሯል። ሁለት የጣውላ ሳጥን፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ በገመድ የታሰረ ምጣድና ድስት። ቅርጫቴን ሳጥን ላይ አስቀመጥሁ። ሁለታችንም ደክሞናል።

«ዘበኛው ቤቴን ሊያሳይሽ አላለም?» አለችኝ።

«ብሏል።»

«እና?»

«አውቀዋለሁ አልኩት።»

ጽጌ አጎንብሳ ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ሳቅ ያየሁባት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ባሏን አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። በተሳሳተው ድንኳን ውስጥ ያለቀስኩት ለለማ አልነበረም፤ ይሄኛው ለእሱ ነው። ደግ ሰው ነበር። ወደ ቤቴ በመጣ ጊዜ ሁሉ አንድ የተበላሸ ነገር ሳይጠግን አይሄድም ነበር።

ስንረጋጋ የመጣሁበትን ነገር ማንሳት አቃተኝ። እሷ አነሳችው።

«የባልሽን ለቅሶ ለምን አልመጣሽም እንድትይኝ እጠብቃለሁ።»

«ለምን አልመጣሽም?»

«ባልሽን አልወደውም ነበር።»

ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር። መንገዱ ተበላሽቶ፣ ታምሜ፣ መልእክቱ አልደረሰኝም፣ እንዲህ ያለ ነገር። ጽጌ ግን በረጋ ድምፅ ቀጠለች።

«የኔን ለማ ሽቦ ጎታች ይለው ነበር። ቤታችሁ ስንመጣ አንድም ቀን ከሱ ጋር ገበታ አልቀረበም። አንቺ ሁልጊዜ ማድ ቤት ትገቢ ነበር፤ ላለማየት። ሲሞት ለማ እንሂድ አለኝ። ልብሱን ለብሶ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ያልተሰማኝን ማልቀስ አልችልም ብዬ። ጥፋት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ውሸት አልጨምርበትም።»

ለባሌ ጥብቅና ለመቆም አፌን ከፈትሁ። ግን ማድ ቤት እገባ ነበር። ልክ ናት።

ክረምቱን የት ልታሳልፍ እንደሆነ እንድትነግረኝ፣ እንድትጠይቀኝ ጠበቅሁ። አልጠየቀችኝም። ፍራሹን ፈትታ አነጠፈችልኝ፤ እሷ ምንጣፍ ላይ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት

በደወል ነው የሚነሱት እዚህ። ካምፑ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነቃል፤ በሮቹ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ጽጌ ሳጥኖቿን ወደ በሩ መግፋት ጀመረች። ሻይ ሻጯ ጎረቤቶቿን ልካ ልታስወስድላት ነው።

ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም። «ጓዳው ባዶ ነው» አልኳት፤ «ከፈለግሽ።»

ቀና አለች። «ከፈለግሽ?»

«ከፈለግሽ ነይ ማለቴ ነው።»

«እትዬ» አለችኝ፤ «ትናንት ስትገቢ ምን እያልሽ እንደነበር ድንኳኑ ሁሉ ሰምቷል። 'የቀረችብኝ'። እነዚህ ሰዎች ለማን የቀበሩልኝ ናቸው። አሁን በዝግ ቤት 'ከፈለግሽ' ትይኛለሽ? በሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ። በሰው ፊት ጠይቂኝ። ካልሆነ ሻይ ሻጯ ጋ እሄዳለሁ፤ እሷ ጠይቃኛለች።»

የካምፑ በር ላይ በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ወደ ግድቡ የሚወስደውን መኪና ይጠብቃል። ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራጊኛ ይደባለቃል። ትናንት ያዩኝ ብዙዎቹ አሉ፤ ሲያዩኝ ይተያያሉ። አንዱ ለጓደኛው ደረቱን እየመታ አሳየው፤ ሁለቱም ሳቁ። ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። ነጋሳ ባዶ ኤንትሬውን አዙሮ ጡሩንባ ነፋ።

ጽጌ ከኋላዬ መጥታ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

እግሬ ሄዶ መሐል ላይ ቆመ። ዕድሜዬ ስድሳን አልፏል፤ ሰው ፊት ቆሜ ማንንም ለምኜ አላውቅም። «ጽጌ፣ ወደ ቤት ነይ» አልኩ። ድምፄ ከራሴ ጆሮ አላለፈም።

«አልተሰማም፣ እትዬ!» አለ ነጋሳ ከጋቢናው። «ትናንት እንኳ ሲያለቅሱ ወንዝ ማዶ ተሰምቷል!»

ሳቅ ሆነ። ፊቴ ነደደ። ዞር ብዬ ብሄድ መኪናው እዚያው ነው፤ አምቦ ገብቼ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ፣ ክፍል ሰጥቻት እምቢ አለች ብል ማን ይጠይቀኛል? ትርንጎ እንኳ ታመሰግነኛለች። ይህን ሁሉ አሰብሁት። ከዚያ ጮክ ብዬ ተናገርሁ፦

«እህቴ ጽጌ! የአባታችን ቤት የሁለታችን ነው። ብቻዬን ይዤው ኖሬአለሁ። ነይና ግቢ። እባክሽ።»

ሳቁ ቆመ። ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጽጌ ግን አልቸኮለችም።

«ጓዳውን አልፈልግም» አለች። «መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ነው የምፈልገው። ሻይና ቦንቦሊኖ እሸጥበታለሁ።»

«እሱ የኔ መኝታ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ አፏጨ። ነጋሳ መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«እሺ» አልኩ።

ሳጥኖቹን ተሸክመው የጫኑልን ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። ሕፃኑን ይዛ አያትየዋ መጣች፤ ትናንት ሟርተኛ ያለችኝ ሴት፤ ጽጌን አቅፋ አልለቅም እያለች አለቀሰች። እኔን አላቀፈችኝም። እጄን ግን ጨበጠችኝ። መኪናው ዳገቱን እስኪጨርስ ሰማያዊ በሮቹ መሐል ሰው ቆሞ እጁን ያነሳ ነበር። ለእኔ አልነበረም።

ሰኞ አመሻሽ፣ አምቦ

ጌዶ ላይ ደጀኔ አንድ ዶሮ ሰጥቶ ሸኘን። ጉደር ላይ ትርንጎ ጽጌን ከእኔ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ስታይ እልል አለች። «አየሽ አይደል! አምጥታት መጣች! እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?» ጽጌ በመስኮቱ በኩል ወይኑን ታያለች። እኔ ነጋሳን እንዲነዳ ነገርኩት።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ አሁን አልጋዬ ጓዳ ነው። ከመንገድ ዳሩ ክፍል የቦንቦሊኖው ዘይት ሽታ ሌሊት አልጋዬ ድረስ ይገባል፤ ጠዋት ደግሞ ጽጌ ደንበኛ ስትጣራ ሰምቼ እነቃለሁ። ስንጣላም እንጣላለን፤ ትናንት ስለ ከሰል ተጣልተናል።

ከተማው ግን አንድ ነገር ይዞ አልለቅ ብሏል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ መንገድ ላይ ያቆሙኛል። «ያቺን ባሏ የሞተባትን አስጠጋሻት አሉ፤ እግዜር ይስጥሽ፤ እሷ ሳትመጣልሽ አንቺ አስጠጋሻት» ይሉኛል። ጎረቤቴም ይህንኑ ትለኛለች። በዓል በሆነ ቁጥር ይነሳል። ጽጌ አጠገቤ ቆማ ሲሉኝም ሰምታለች፤ ሻይ መቅዳቷን አላቋረጠችም።

አላስጠጋኋትም። በአባቷ ቤት ነው ያለችው። ይህን አምስት ቃል በአፌ ልመልስላቸው ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ «ምን ይደረግ፣ እህት ናት» ብዬ አልፌአለሁ። እዚህ የጻፍኩት ምናልባት አንብበው ሳያስቆሙኝ እንዲያልፉኝ ብዬ ነው።